የነርቭ ምርመራው «ደህና ነው» ቢልም እግሬ ደንዝዟል፦ በኬሞቴራፒ የሚመጣ የነርቭ ጉዳት እንዴት ይታወቃል? በምንስ ይለካል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጠያቂዋ ታላቅ እህት ለጡት ካንሰር ፓክሊታክሴል የተባለውን መድኃኒት በየሳምንቱ እየወሰዱ ሲሆን፣ ከታዘዘላቸው 12 ዙር 7ኛውን ጨርሰዋል። ከ5ኛው ዙር ወዲህ የሁለቱም እግሮቻቸው ጣቶች ደንዝዘዋል፤ ሌሊት ያቃጥላቸዋል፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ የእጃቸውን ጣቶች ጫፍ ይወራቸዋል። የነርቭ ኮንዳክሽን ምርመራ ተደርጎላቸው ውጤቱ «ደህና ነው» ተብሏል። እህትየዋ መድኃኒቱ እንዳይቀነስባቸው ስለሚፈሩ ለካንሰር ሐኪማቸው ነገሩን አሳንሰው ይናገራሉ። ጠያቂዋ ማወቅ የፈለጉት፣ ምርመራው ደህና ካለ ይህ በእርግጥ የነርቭ ጉዳት ነው ወይ፣ ከሆነስ በምን ይለካል፣ ማን ቢያየው ይሻላል የሚለውን ነው።

ቀጥተኛውን መልስ ላስቀድም። እርስዎ የገለጹት ሁኔታ፣ ማለትም በሁለቱም እግሮች ጣቶች ላይ እኩል ጀምሮ፣ መድኃኒቱ በተደጋገመ ቁጥር እየጠነከረ፣ ቆይቶም ወደ እጅ ጣቶች የተሻገረ መደንዘዝና ማቃጠል፣ ፓክሊታክሴል በነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዋነኛ መገለጫ ነው። የኮንዳክሽን ምርመራው ደህና መሆኑ ይህን አያፈርሰውም። ይህን ጉዳት ከማንኛውም መሣሪያ ቀድመው የሚያውቁት ታካሚዋ ራሳቸው ናቸው፤ የሐኪሙ ድርሻ ደግሞ የታካሚዋን ቃል በየዙሩ በአንድ ዓይነት መንገድ ጠይቆ መመዝገብ፣ በእጅ ምርመራ ማመሳከር፣ ከዚያም ቀጣዩ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ውሳኔ ላይ መድረስ ነው።

ጉዳቱ ከጣት ጫፍ የሚጀምርበትን ምክንያት ማወቅ ምርመራዎቹን ለመረዳት ያግዛል። ስሜትን ከእግር ጣት ተቀብለው የሚያስተላልፉት የነርቭ ሴሎች አካላቸው የሚገኘው በአከርካሪ አጥንት አጠገብ፣ ከሕብለ ሰረሰር ወጣ ብለው በሚገኙ ትንንሽ የሴል ክምችቶች ውስጥ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ እስከ እግር አውራ ጣት የሚዘልቀው የነርቭ ክር በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እነዚህ የሴል ክምችቶች አንጎልን ከደም እንደሚለየው ዓይነት ጥብቅ መከላከያ ስለሌላቸው መድኃኒቱ በቀላሉ ይደርስባቸዋል። ረጅሙ ክር የሚያስፈልገው ፕሮቲን በአብዛኛው የሚመጣለት ከሴሉ አካል ሲሆን፣ ጭነቱ የሚጓዘው ማይክሮቲዩቡል በሚባሉ ረቂቅ ቱቦዎች ላይ፣ ባቡር በሐዲድ ላይ እንደሚሄደው ነው። ፓክሊታክሴል የካንሰር ሴል እንዳይከፈል የሚያደርገው እነዚህኑ ቱቦዎች ከልክ በላይ በማደንደን ነው። የነርቭ ሴል ባይከፈልም ቱቦዎቹ ለማጓጓዣ ያስፈልጉታልና ጉዞው ይሰናከላል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳውም ከሴሉ አካል እጅግ የራቀው ጫፍ ነው። ሐኪሞች ይህን የካልሲና የጓንት ቅርጽ ያለው ጉዳት የሚሉት ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ እግር ላይ ካልሲ የሚሸፍነው ቦታ፣ ቀጥሎ እጅ ላይ ጓንት የሚሸፍነው ቦታ ስሜቱ ይለወጣል።

ሌሎች የካንሰር መድኃኒቶችም ነርቭ ይጎዳሉ፤ የየራሳቸው መልክ ስላላቸው ግን ሐኪሙ ጥያቄውን እንደ መድኃኒቱ ይለውጣል። ኦክሳሊፕላቲን መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ቅዝቃዜ ሲነካ የሚቀሰቀስ የጣት መውረርና የጉሮሮ መጨነቅ ያመጣል፤ ይህ በቀናት ውስጥ የሚተው ሲሆን፣ ከዙር ዙር እየተጠራቀመ የሚመጣው መደንዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲስፕላቲን ከእግር ጣት በተጨማሪ የመስማት ችሎታን ስለሚጎዳ የጆሮ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቪንክሪስቲን የጡንቻ ድካምና ብርቱ የሆድ ድርቀት ያስከትላል፤ በብዙ የሕክምና መርሐ ግብሮች አንዱ መጠን ከ2 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የሚደረገውም ነርቭን ለመጠበቅ ነው። ለአጥንት መቅኒ ካንሰር የሚሰጠው ቦርቴዞሚብ ደግሞ ቀጫጭኖቹን የነርቭ ክሮች ስለሚያጠቃ ሕመሙ ይበረታል፤ ከደም ሥር ይልቅ ከቆዳ ሥር ሲሰጥ ጉዳቱ መቀነሱ በ2011 በታተመ ሰፊ ጥናት ታይቷል።

አሁን ወደ ኮንዳክሽን ምርመራው ልመለስ፤ ብዙ ታካሚዎች «ምርመራው ደህና ነው፤ እንግዲህ የማስበው እኔ ነኝ» ብለው ዝም የሚሉት በዚህ የተነሣ ስለሆነ ጉዳዩ በጣም ያሳስበኛል። በዚህ ምርመራ ነርቩ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካና ምልክቱ ሌላ ቦታ ላይ ምን ያህል ጎልቶና ፈጥኖ እንደደረሰ ይመዘገባል። ምልክቱን የሚሰጡት ግን ወፍራሞቹና ፈጣኖቹ ክሮች ብቻ ናቸው። ማቃጠልን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን የሚያስተላልፉት ቀጫጭን ክሮች ምልክታቸው በዚህ መንገድ አይያዝም። ስለዚህ አንድ ሰው እግሩ እየነደደ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ቢያድርም ወረቀቱ ላይ አንዳች ላይታይ ይችላል። በተጨማሪ፣ በተለምዶ የሚለካው ሱራል የተባለው የስሜት ነርቭ የሚለካው ከውጨኛው ቁርጭምጭሚት በስተጀርባ ሲሆን፣ የእህትዎ ጉዳት ያለው ከዚያ ዝቅ ብሎ ጣቶቹ ላይ ነው። ጉዳቱ ቁርጭምጭሚት እስኪደርስ የሚጠብቅ ምርመራ ዘግይቶ ቢናገር አያስገርምም። በእግር ጀርባ ወይም በውስጥ እግር ያሉትን ነርቮች መለካት ጉዳቱን ቀደም ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ሁሉም የምርመራ ክፍል ግን አዘውትሮ አይሠራውም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። «ደህና» የሚለው ቃል የሚነጻጸረው ከሌሎች ሰዎች ወሰን ጋር እንጂ ከታካሚዋ ከራሳቸው የቀድሞ ልኬት ጋር አይደለም። ለምሳሌ ዝቅተኛውን ወሰን 6 ማይክሮቮልት (የምልክቱ ጉላት መለኪያ) አድርጎ በሚሠራ የምርመራ ክፍል፣ የሱራል ነርቯ ምልክት ከሕክምናው በፊት 20 የነበረና አሁን ወደ 9 የወረደ ሴት ውጤቷ «ደህና» ተብሎ ይጻፋል፤ እውነታው ግን ከግማሽ በላይ የሆነው ምልክት መጥፋቱ ነው። ይህን ማወቅ የሚቻለው የመጀመሪያው ልኬት ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ የእህትዎን ውጤት ሲመለከቱ መደምደሚያውን ብቻ ሳያነቡ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ሙሉ ወረቀት ይጠይቁና ያስቀምጡ፤ ወደፊት ምርመራው ቢደገም የአሁኑ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ምርመራው ሲደረግ እግር ቀዝቅዞ ከነበረ ልኬቱ ስለሚዛባ፣ በድጋሚው ጊዜ እግርና እጅ መሞቃቸውን ማረጋገጥም ይገባል።

ቀጫጭን ክሮችን የሚመለከት ሌላ ምርመራ አለ። ከውጨኛው ቁርጭምጭሚት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቆዳ ናሙና ይወሰድና ወደ ላይኛው የቆዳ ሽፋን የዘለቁ የነርቭ ክሮች በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። ሙቀትና ቅዝቃዜ መለየትን በኮምፒዩተር የሚለካ መሣሪያም አለ። ነርቭ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰውን ኒውሮፊላመንት የተባለ ፕሮቲን መለካት ደግሞ በጥናት ደረጃ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም የዕለት ተዕለት ሕክምናን ውሳኔ የሚወስንበት ደረጃ ላይ አልደረሰም። በእኔ ግምገማ እህትዎ አሁን ከእነዚህ አንዱም አያስፈልጋቸውም። የመድኃኒቱ ዓይነት፣ የምልክቶቹ አጀማመርና አካሄድ እንዲሁም በእጅ የሚደረገው ምርመራ እርስ በርስ ሲስማሙ ለውሳኔው በቂ ናቸው።

ታዲያ ዋናው መለኪያ ምንድን ነው? ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በየጊዜው መጠየቅ ነው። «እንዴት ነዎት? እግርዎ እንዴት ሆነልዎ?» የሚለው ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚል መልስ ያለፈ ነገር አያመጣም። ለዚህ ተብለው የተዘጋጁና በጥናት የተፈተኑ መጠይቆች አሉ። በአውሮፓ የካንሰር ምርምር ድርጅት የተዘጋጀው መጠይቅ 20 ጥያቄዎች ሲኖሩት 9ኙ ስሜትን፣ 8ቱ የጡንቻን አቅምና እንቅስቃሴን፣ 3ቱ ደግሞ እንደ ደም ግፊት ያሉ ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠሩ ነገሮችን የሚቆጣጠሩትን ነርቮች ይመለከታሉ፤ ታካሚው ያለፈውን ሳምንት አስቦ «በፍጹም»፣ «ጥቂት»፣ «በመጠኑ ብዙ»፣ «እጅግ ብዙ» ከሚሉት አንዱን ይመርጣል። 11 ጥያቄዎች ያሉት ሌላ አጭር መጠይቅም በሰፊው ይሠራበታል። ጥያቄዎቹ ተጨባጭ ናቸው፦ ትንንሽ የልብስ ቁልፎችን መቆለፍ ያስቸግርዎታል ወይ? ሲራመዱ መሬቱ ከእግርዎ ሥር በደንብ አይሰማዎትም ወይ? ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ መለየት ይቸግርዎታል ወይ? ጠርሙስ ለመክፈት እጅዎ ይደክማል ወይ? ከተቀመጡበት ሲነሡ ያዞርዎታል ወይ?

መጠይቁ በሕክምና ቦታው ባይኖር እንኳ እናንተው ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ባለው ምሽት እህትዎ መደንዘዙ እስከ የት እንደደረሰ (ጣት ብቻ፣ እስከ መሐል እግር፣ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ በላይ) በእጃቸው ያሳዩ፤ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይስጡት፤ ምልክቱ ከዙር እስከ ዙር ባሉት ቀናት ይጠፋ እንደሆነ ወይም ሳይለቅ ይከርም እንደሆነ ይጻፉ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በየሳምንቱ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ቀጣዩ መድኃኒት ሲመጣ አሁንም ያልለቀቀ መደንዘዝ ጉዳቱ እየተጠራቀመ መሆኑን ያመለክታል። መድኃኒቱ በተሰጠ ከ1 እስከ 4 ቀናት ውስጥ የሚመጣውን የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማትም ለብቻው ይመዝግቡት። ይህ ቁርጥማት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይተዋል፤ ጠንከር ብሎ የሚይዛቸው ሰዎች ግን ኋላ ላይ የነርቭ ጉዳቱም እንደሚበረታባቸው ጥናቶች አሳይተዋል።

በእጅ የሚደረገው ምርመራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ሐኪሙ ወይም የሠለጠነች ነርስ በሴኮንድ 128 ጊዜ የሚርገበገበውን ቱኒንግ ፎርክ የተባለ ሹካ መሰል ብረት መትተው ግርጌውን የእግር አውራ ጣት አጥንት ላይ ያሳርፋሉ። ታካሚዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ንዝረቱ ያቆመ ሲመስላቸው «አበቃ» ይላሉ። መርማሪው በዚያችው ቅጽበት ብረቱን ወደ ራሱ አውራ ጣት ሲያዛውረው ገና እየተርገበገበ ከሆነ፣ የታካሚዋ እግር ሊሰማው ሲገባ ያልተሰማው ንዝረት አለ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ጉልበት እየወጡ ስሜቱ የሚመለስበትን ደረጃ ይለያሉ። ከ0 እስከ 8 የተመረቀ ብረት ካለ ውጤቱን በቁጥር መመዝገብ ይቻላልና ለማነጻጸር የተሻለ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ንዝረት የመለየት ችሎታ በተፈጥሮም እንደሚቀንስ መዘንጋት የለበትም።

ቀጥሎ በሹል ነገር መውጋትን መለየት ከጣት ጫፍ ወደ ላይ እየወጡ ይፈተናል፤ የ10 ግራም ግፊት የሚያሳርፈው የናይለን ክርም ውስጥ እግር ላይ ይሞከራል። የተረከዝ ጅማት ሪፍሌክስ (ጅማቱ ሲመታ እግሩ በራሱ የሚሰጠው ምላሽ) በመዶሻ ይታያል፤ ከጉልበት ሪፍሌክስ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው። አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሣትና በተረከዝ መራመድ የጡንቻውን ጉልበት ያሳያሉ። ታካሚዋ እግር ገጥመው ዓይን ጨፍነው ሲቆሙ ቢወዛወዙ፣ እግራቸው የቆመበትን ቦታ ለአንጎል በሚገባ እንደማያሳውቅ ይጠቁማል። ጋደም ብለው የተለካው የደም ግፊት ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ቢወርድ ደግሞ ከፈቃድ ውጭ የሚሠሩት ነርቮች ተነክተው ሊሆን ይችላል፤ የፈሳሽ እጥረትና ሌሎች መድኃኒቶችም ይህን ስለሚያስከትሉ አብረው ይመረመራሉ። እነዚህን ምልክቶችና ምርመራዎች በሰባት መስክ እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 4 ነጥብ ሰጥቶ ከ28 የሚደምር የታወቀ መለኪያም አለ፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ቢሠራበት ለውጥን በደንብ ያሳያል።

የካንሰር ሐኪሞች በመዝገብ ላይ የሚጽፉት ደረጃ ግን በአብዛኛው ሌላ ነው፤ ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የወጣውና 5ኛ እትሙ በ2017 የታተመው የጎንዮሽ ጉዳቶች መመዘኛ ነው። በዚህ መመዘኛ ደረጃ 2 ማለት እንደ ምግብ ማብሰል፣ መገበያየትና ስልክ መጠቀም ያሉ ተግባራትን የሚያውክ፣ ደረጃ 3 ደግሞ ራስን መንከባከብን፣ ማለትም መታጠብን፣ መልበስን፣ መመገብን የሚያውክ ጉዳት ነው። ለመጻፍ ይቀላል፤ ለትክክለኛ ልኬት ግን ሸካራ ነው። ሸሚዝ መቆለፍ ያቃታትን ሴት አንዱ ሐኪም «እጅ የሚሻ ሥራ ከብዷታል» ብሎ 2 ሲሰጣት፣ ሌላው «መልበስ አቅቷታል» ብሎ 3 ሊሰጣት ይችላል። አንድን ታካሚ የተለያዩ መርማሪዎች አይተው የተለያየ ደረጃ እንደሚሰጡ፣ ሐኪሞችም ከታካሚዎች ራሳቸው ከሚናገሩት ዝቅ አድርገው እንደሚመዘግቡ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ እህትዎ ወደ ሐኪም ሲገቡ «ይደነዝዘኛል» ከማለት ይልቅ «ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል፤ ደረጃ ስወርድ እግሬ የት እንዳረፈ ሳላይ አላውቅም» ቢሉ፣ ሐኪሙ የሚሰጠው ደረጃ ከእውነታው ጋር የመግጠም ዕድሉ ይጨምራል።

እዚህ ላይ የእህትዎን ፍርሃት በቀጥታ ልናገረው፤ ፍርሃታቸው የሚገባ ነው። ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚደረገውን ሕክምና ማጉደል ማንም አይሻም። ነገር ግን ምልክቱን መናገር ማለት መድኃኒቱ ወዲያው ይቋረጣል ማለት አይደለም። ጣት ላይ የተወሰነና ሥራ የማያውክ መውረር ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ ክትትል ይቀጥላል። ጉዳቱ ተግባርን ማወክ ሲጀምር ሐኪሙ ቀጣዩን ዙር ማዘግየት፣ መጠኑን መቀነስ፣ በሌላ መድኃኒት መተካት ወይም ማቆም ከሚሉት አማራጮች የቱ ለዚህች ታካሚ እንደሚስማማ ይመዝናል፤ በ2020 የታደሰው የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር መመሪያ የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ጉዳቱን በእርግጠኝነት የሚከላከል መድኃኒት ስላልተገኘ፣ ጊዜውን ጠብቆ መጠኑን ማስተካከል በእጃችን ካሉት መንገዶች ሁሉ ጠንካራው ነው። ሐኪሙ ይህን ሚዛን መሥራት የሚችለው እውነተኛውን ምልክት ሲያውቅ ብቻ ነው፤ የተደበቀ ምልክት ውሳኔውን ከሐኪሙም ከታካሚዋም እጅ ያወጣዋል። ሚዛኑ ለእያንዳንዱ ካንሰር የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ላንሣ፤ በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ኦክሳሊፕላቲንን ለ3 እና ለ6 ወራት መስጠትን ያነጻጸሩትና በ2018 ውጤታቸው የታተመው ጥናቶች፣ መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነ የነርቭ ጉዳት በ6 ወሩ ሕክምና ወደ 45 በመቶና ከዚያ በላይ፣ በ3 ወሩ ግን ከ14 እስከ 17 በመቶ መሆኑን አሳዩ፤ ለአንዳንድ ታካሚዎችም አጭሩ ሕክምና በቂ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለፓክሊታክሴልና ለጡት ካንሰር አይተላለፍም፤ የእህትዎን ሚዛን የሚያውቀው የካንሰር ሐኪማቸው ነው።

መደንዘዙ ሁሉ ከኬሞቴራፒ ነው ብሎ መደምደምም አይገባም። የስኳር በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድና የኩላሊት ችግር፣ ኤች.አይ.ቪ. እና አልኮል ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣሉ፤ ከኬሞቴራፒው ጋር ሲደራረቡም ጉዳቱን ያባብሳሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድና ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ሜትሮኒዳዞል ነርቭ ይጎዳሉ፤ ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን ደግሞ የቢ12 መጠንን ያወርዳል። ስለዚህ የደም ስኳር፣ ቢ12፣ የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራ ቢደረግ መልካም ነው፤ ሊታከም የሚችል ነገር ሳይታይ እንዳያልፍ ያደርጋል። በራስ ውሳኔ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ቢ6 መውሰድ ግን አልመክርም፤ ሲበዛ እርሱ ራሱ የስሜት ነርቮችን ይጎዳል። አሲቲል ኤል ካርኒቲን የተባለው ማሟያም ፓክሊታክሴል ዓይነት መድኃኒት በሚወስዱ ሴቶች ላይ ሲሞከር ጉዳቱን አባብሶ ስለተገኘ መወሰድ የለበትም። በቤተሰብ የሚወረስ የነርቭ በሽታ ካለ፣ ለምሳሌ ከልጅነት ጀምሮ የእግር ቅስት ከመጠን በላይ ከፍ ያለባቸው ወይም በቶሎ የሚደናቀፉ ዘመዶች ካሉ፣ ይህንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

የነርቭ ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው ነገሩ ከተለመደው መልክ ሲወጣ ነው፦ መደንዘዙ በአንድ ጎን ብቻ ሲሆን፣ ከእግር ይልቅ በእጅ ሲጀምር፣ ከስሜት ይልቅ ድካሙ ሲያመዝን፣ ወይም መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላ አዲስ ሆኖ ሲመጣ። የእህትዎ ምልክት ከእነዚህ ውስጥ ስለማይገባ የካንሰር ሐኪማቸውና ነርሶቻቸው ሊከታተሉት ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። አዲስና የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሁለቱ እግሮች መድከም፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አለመቻል፣ በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ወይም ከሆድ ወይም ከደረት በታች በመሥመር የተቆረጠ የሚመስል የስሜት መጥፋት ከታየ፣ ካንሰሩ ሕብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ግድ ነው። በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያነሣሡ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶችን አብሮ የሚወስድ ሰው ላይም በፍጥነት ወደ ላይ የሚወጣ ድካም ተመሳሳይ ጥድፊያ ይሻል።

ቀሪው ጥያቄ ይድናል ወይ የሚለው ነው። በ2014 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ነርቭ የሚጎዱ መድኃኒቶችን ከወሰዱት ሕክምናው ባበቃ በመጀመሪያው ወር 68 በመቶ ያህሉ፣ በ3ኛው ወር 60 በመቶው፣ በ6ኛው ወርና ከዚያ በኋላ 30 በመቶው ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል። ብዙዎቹ ይሻላቸዋል ማለት ነው፤ ሁሉም ግን አይደሉም፤ መሻሉም በወራት የሚቆጠር ነው። በሲስፕላቲንና በኦክሳሊፕላቲን ደግሞ ጉዳቱ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለጥቂት ወራት ሊብስ ስለሚችል ክትትሉ ከመጨረሻው ዙር ጋር አብሮ ማብቃት የለበትም። እህትዎ መደንዘዙ እስካለ ድረስ በየምሽቱ ውስጥ እግራቸውን በዓይን ይመልከቱ፤ ጫማ ከማድረጋቸው በፊት ውስጡን በእጅ ይፈትሹ፤ የውኃን ሙቀት በክርን ይለኩ፤ ሌሊት ሲነሡ መብራት ያብሩ። የማይሰማ እግር ቁስሉንም አይናገርምና።

ሌሊት የሚያቃጥለው ሕመም ሳይለቅ ከቀጠለ፣ በበቂ ጥናት የተደገፈው መድኃኒት ዱሎክሴቲን ነው፤ በ2013 በታተመው ጥናት ለአንድ ሳምንት 30፣ ከዚያ 60 ሚሊ ግራም በቀን ተሰጥቶ ሕመሙን ከባዶ ክኒን የበለጠ ቀንሷል። የሚያስታግሰው ሕመሙን ነው፤ የነርቭ ክሩን መልሶ አያበቅልም። የጡት ካንሰራቸው ሆርሞን ተቀባይ ሆኖ ከኬሞቴራፒው በኋላ ታሞክሲፌን የተባለው የሆርሞን ሕክምና መድኃኒት የሚታዘዝላቸው ከሆነ ግን ይህን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ዱሎክሴቲን ታሞክሲፌንን ወደሚሠራ መልኩ የሚለውጠውን የጉበት ኢንዛይም በከፊል ስለሚገታ፣ ሐኪሙ ሌላ የሕመም ማስታገሻ ወይም ሌላ የሆርሞን ሕክምና ሊመርጥ ይችላል። ዱሎክሴቲን ከተጀመረም ሲቆም ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን መቋረጥ የለበትም።